ከፊኛ ምርመራ በኋላ የሚዋጠው ክኒን



ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በጅማ፣ በአምቦና በጎጃም መንገድ አዲስ አበባን ተጠግተው የሚገኙ ከተሞች ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም፣ ሽንት የከለከለው አባት ወይም ደም የምትሸና እናት ለፊኛ ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ የሚላኩት ወደ አዲስ አበባ ነው። ማለዳ ሄደው ይመረመራሉ፤ ከሰዓት በታክሲ ይመለሳሉ። ሌሊት ትኩሳት ቢነሳ መርማሪው ሐኪም ሩቅ ነው። ብዙ ቤተሰብ ይህን ፈርቶ፣ ቤቱ ከመግባቱ በፊት ከመንገድ ዳር መድኃኒት ቤት «ለማንኛውም» ብሎ አንቲባዮቲክ ይገዛል። እኛ መምህራን በመሆናችን የመድኃኒት ወረቀት አንብቡልን የሚሉን ወላጆች አይጠፉምና፣ ነገሩን ዘርዘር አድርገን ልናቀርበው ወደድን።

ሲስቶስኮፒ የሚባለው ምርመራ፣ መብራትና መመልከቻ ያለው ቀጭን ቱቦ በሽንት መውጫ ገብቶ የፊኛ ውስጥ የሚታይበት ነው። ዩሮዳይናሚክስ ደግሞ ፊኛን በቀጭን ካቴተር ውሃ ሞልቶ ግፊቱንና አሸናኑን መለካት ነው። መሣሪያው የቱንም ያህል የጸዳ ቢሆን፣ በሽንት መውጫው አካባቢ ከአንጀት የሚመጡ ባክቴሪያዎች፣ በተለይም ኢ. ኮላይ የተባለው፣ አይጠፉም። ቱቦው ሲገባ ጥቂቶቹን ወደ ፊኛ ሊገፋቸው ይችላል። ለመከላከያ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ እነዚህን ቀድሞ ለመጠበቅ ነው፤ ስለዚህም የሚሰጠው ከምርመራው በፊት፣ በአብዛኛው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቤት ተገብቶ ለሳምንት የሚዋጠው ክኒን ግን ከዚህ ሐሳብ ጋር አይገናኝም።

ለመሆኑ ቀድሞ መውሰዱስ ይጠቅማል? እ.ኤ.አ. በ2012 ኮክሬን የተባለው የተመራማሪዎች ድርጅት በዩሮዳይናሚክስ ላይ የተደረጉ 9 ጥናቶችን፣ በድምሩ 973 ታማሚዎችን የያዙትን፣ አገናዝቦ ነበር። መድኃኒቱን ከወሰዱት ከመቶ 4፣ ካልወሰዱት ደግሞ ከመቶ 12 ያህሉ ሽንታቸው ውስጥ ባክቴሪያ ተገኘ። ሲሰላ፣ አንዱን ለማዳን 13 ያህል ሰዎች መዋጥ አለባቸው ማለት ነው። ይሁንና በሽንት ውስጥ ባክቴሪያ መገኘት ሌላ፣ መታመም ሌላ ነው። እንደ ማቃጠል ያለ የሕመም ምልክት በታየባቸው ሰዎች በኩል ልዩነቱ አሳማኝ ሆኖ አልተገኘም። የአውሮፓ የሽንት ሐኪሞች ማኅበር መመሪያም ለሁለቱም ምርመራዎች አንቲባዮቲክን ለሁሉም ሰው መስጠትን አይመክርም።

የስኳር በሽተኛ፣ የሰውነት መከላከያው የደከመ፣ ካቴተር ይዞ የሚኖር ወይም ፊኛው በደንብ የማይጎድልለት ሰው ግን ጉዳዩ ይለያል፤ ሐኪሙ አንድ መጠን ሊያዝለት ይችላል። ከሁሉ የሚቀድመው የሽንት ምርመራ ነው። ኢንፌክሽን ከተገኘ በመጀመሪያ ይታከማል፣ ቀጠሮውም ይተላለፋል። ቀጠሮ ተራዘመ ብሎ መቆጣት ስለዚህ አግባብ አይመስለንም።

ከጎረቤት የተረፈ ክኒን መዋዋስ ቸርነት ይመስላል። ነገር ግን ደካማውን ባክቴሪያ ገድሎ ብርቱውን ያስቀራል፤ ብርቱው ደግሞ በዚያው ቤት ወዳለ ሕፃንም ይተላለፋል። እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ በቀጥታ የሞተው ሰው በዓለም 1.27 ሚሊዮን እንደሚደርስ ተገምቷል። በአገራችን በተደረጉ የሽንት ካልቸር ጥናቶችም አምፒሲሊንና ኮትሪሞክሳዞል በብዙ ኢ. ኮላይ ላይ አቅም ማጣታቸው ተደጋግሞ ታይቷል። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሲፕሮፍሎክሳሲንም ቢሆን ጅማትን እስከ መበጠስ የሚያደርስ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል፤ በወተት ሲዋጥ ደግሞ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይቀንሳል። «ባዶ ሆድ እንዳይጎዳ» እያሉ በወተት የሚሰጡ እናቶች ይህን ልብ ይበሉ።

ከምርመራው በኋላ አንድ ሁለት ቀን ሲሸኑ ማቃጠልና ሽንቱ ቀላ ማለቱ የተለመደ ነው፤ ሐኪም ካልከለከለ ውሃ በብዛት መጠጣት ይረዳል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የረጋ ደም ወይም ሽንት ጨርሶ መከልከል ከመጣ ግን እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም። አዲስ አበባ ካልደረስን ሳይባል፣ የምርመራውን ወረቀት ይዞ በቅርብ ወደሚገኘው ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። የሚቻል ከሆነም አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ሽንት ለምርመራ ይሰጥ።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ስለ ሽንት መናገር ያፍራሉ፤ ልጆቻቸው ፊት ደግሞ ይብሳል። የሰሐባ ሴቶች ግን የጡሃራን ጉዳይ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ከመጠየቅ ሐያእ አላገዳቸውም። ልጅ «አባባ፣ ሽንትዎ እንዴት ሆነ?» ብሎ ለብቻቸው ቢጠይቅ ነውር የለበትም።

ምርመራው በረመዷን ከዋለ፣ አጣዳፊ ካልሆነ ከዒድ በኋላ እንዲደረግ ሐኪሙን መጠየቅ ይቻላል። አጣዳፊ ከሆነ ለታመመ ሰው አፍጥሮ በሌላ ቀን ቀዷ ማውጣት ተፈቅዷል። በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት ለታዘዘለት ጾመኛም በኢፍጣርና በሱሑር መውሰድ ይችል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ በራሱ ፈቃድ ግን አንዱን መጠን አይዝለል።

ከምርመራ ክፍሉ ሳይወጡ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ መድኃኒት ተሰጥቶኛል ወይ፣ ቤት ስገባ የምወስደው አለ ወይ፣ ሌሊት ትኩሳት ቢይዘኝ የምደውለው በየትኛው ስልክ ነው? መልሱንም በወረቀቱ ጀርባ ያስጽፉ።