ተጨማሪ መረጃ፦ የድንቅነሽ ቁጥር

ከአዋሽ ከተማ ወደ ሰመራ ሲጓዙ፣ ከአስፋልቱ በስተምዕራብ ሐዳር ይገኛል። የድንቅነሽ (ሉሲ) አፅም በኅዳር 1967 ዓ.ም. የተገኘው እዚያ ነው። ዕድሜዋ ወደ 3,200,000 ዓመት ይገመታል።

እስቲ ቁጥሩን እንበትነው፦ 3,200,000 = 2¹⁰ × 5⁵። ከ2 እና ከ5 በቀር ሌላ ብቸኛ ቁጥር አያካፍለውም። የአካፋዮቹን ብዛት ለማወቅ በእያንዳንዱ አርቢ ላይ 1 ደምረን እናባዛለን፦ 11 × 6 = 66። ደስ የሚለው ግን ይህ ነው፦ 20 × 20 × 20 × 20 × 20 ልክ 3,200,000 ይሆናል። ካልኩሌተር አያስፈልግም፤ 2ን አምስት ጊዜ ስናባዛ 32፣ ከኋላው አምስት ዜሮ። በተጨማሪም 1600² + 800² ያው ቁጥር ነው።

ዜሮዎቹ የመጡት ግምቱ ስለተጠጋጋ ነው። አንድ ዓመት ብቻ ብንጨምር፣ 3,200,001 ለ2ም ለ5ም እምቢ ብሎ ለ3 እና ለ7 ይካፈላል።