ለምስኪን ልጆች ስንጸልይ፣ «ተመስገን» ስንል፦ ጀውሃ ላይ የተማርኩት

ዛሬ ስለ ጸሎትና ስለ ምስጋና ትንሽ ላወጋችሁ ነው። «ሐኪም ስለ ጸሎት ምን አገባው?» የምትሉ ካላችሁ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በመኪና የሄደ ሰው ጀውሃን ያውቃታል። ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርደን፣ ሸዋ ሮቢትን አልፈን፣ አጣዬ ሳንደርስ የምናገኛት ሞቃታማ የይፋት ከተማ ናት። አካባቢው በ2013 ዓ.ም. እና ከዚያም በኋላ በተነሳው ግጭት ብዙ ቤተሰብ የተፈናቀለበት ነው።

አንድ ጥቅምት ላይ በዚሁ መንገድ ስንጓዝ ጀውሃ ላይ ሻይ ልንጠጣ ቆምን። ሰባት ወይ ስምንት ዓመት የሚሆነው ልጅ፣ የሚሸጠውን ውሃ አጠገቡ አስቀምጦ፣ የእህቱን ሻርፕ ተከናንቦ ጥግ ላይ ተቀምጧል። እኛ በሙቀቱ ላብ በላብ ሆነናል፤ እሱ ይንቀጠቀጣል።

ከተሳፋሪዎቹ አንዷ «ውይ ምስኪን! የኛን ልጆች የጠበቀልን አምላክ ይመስገን» አለችና ብር ሰጠችው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም በልቤ «ተመስገን» ብዬ ወደ መኪናው መሄድ ጀምሬ ነበር። ሁለት እርምጃ እንደሄድኩ ግን አፈርኩ። በወባ ወቅት፣ በዚያ ሙቀት የሚንቀጠቀጥ ልጅ ምን ሊሆን እንደሚችል ከዚያ ሁሉ ሰው የተማርኩት እኔ ነኝ!

ተመለስኩና «ማሙሽ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት። «ከትላንት ወዲያ» አለችኝ እህቱ። ሻይ የምትሸጠው ሴት ምድጃዋን ለጎረቤት አደራ ብላ አብራን ጤና ጣቢያ ሄደች። ጣቱን ተወጋ፤ ወባ ነው። መድኃኒቱን ጀመረ። ልሄድ ስል እህቱ ምን አለችኝ መሰላችሁ? «እማዬ ዱዓ ታረግልሃለች፣ ጋሼ።»

እኛ «እንደሱ አላደረከን» ብለን እናመሰግናለን፤ እነሱ ግን ለኛ ይጸልያሉ። ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም።

«ከሱ እሻላለሁ፣ ተመስገን» ማለት ያኔ ደስ ይለናል እንጂ ለልጁ ምንም አይጨምርለትም። የሚሻለው የሌላውን ጉድለት ሳይሆን የተሰጠንን አይቶ ማመስገን ነው። ይሄ ለጤናም ይጠቅማል። በ2003 እ.ኤ.አ. ኤመንስ እና ማክካሎ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ለአሥር ሳምንታት በየሳምንቱ የሚያመሰግኑበትን ነገር የጻፉ ሰዎች፣ ያበሳጫቸውን ከጻፉት ይልቅ ስለ ሕይወታቸው የተሻለ ስሜት ነበራቸው፤ የአካል ሕመም ስሞታቸውም ያነሰ ነበር።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ማታ ከመተኛታችሁ በፊት አንድ ትንሽ ነገር በስሙ ጠርታችሁ አመስግኑ። «ለሁሉም ተመስገን» ጥሩ ነው፤ «ዛሬ ልጄ ትኩሳት ስለሌለው፣ አጎበር ስላለን ተመስገን» ደግሞ ዓይን ይከፍታል።

2. ስትጸልዩ «ለችግረኛ ልጆች ሁሉ» ብላችሁ አትለፉ። የምታውቁትን አንድ ልጅ አስቡ፤ የጥበቃውን ልጅ፣ ሊስትሮውን፣ የሠራተኛችሁን ልጅ። ከጸሎቱ ወይም ከዱዓው በኋላ «ምን ጎደለው?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዴ መልሱ ደብተር ነው፤ አንዳንዴ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ሰው ነው።

3. «ጸልዩለት» ብላችሁ የታመመ ልጅ ፎቶ ሼር አታድርጉ። ነገ አድጎ ራሱን እዚያ ላይ ያያል። ጸሎት ፎቶ አይፈልግም።

4. ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም። ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ ቆላማ ቦታዎች የሚኖር ወይም ከዚያ የመጣ ልጅ ካተኮሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ይመርመር። በተለይ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ለአደጋ የተጋለጡ ናቸው። ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ያበርዳል እንጂ ወባውን አያድንም። ልጁ ራሱን ከሳተ፣ ካንቀጠቀጠው፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው ግን አንዲት ደቂቃ አትጠብቁ። ይሄን የምለው በ2024 እ.ኤ.አ. እስከ ጥቅምት ወር ብቻ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ስለተመዘገቡ ነው።

5. ማመስገን ካቃታችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ። ከሁለት ሳምንት በላይ ምንም ነገር ደስ የማይላችሁ ከሆነ፣ እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካላችሁ ምናልባት ድብርት ሊሆን ይችላል። ያ ደግሞ የእምነት ጉድለት ሳይሆን የሚታከም ሕመም ነው።

ያን ልጅ ዳግም አላየሁትም። ጀውሃን ባለፍኩ ቁጥር ግን ዓይኔ ይፈልገዋል፤ ለእሱ ስጸልይም ፊቱ ይታየኛል። እናቱም ለኔ ዱዓ እያደረገችልኝ እንደሆነ አስባለሁ።

እናንተስ ዛሬ ማታ የምትጸልዩለት ልጅ ማነው? ስሙን ለራሳችሁ ያዙት፤ ነገ ግን ጎራ በሉና እንዴት እንዳደረ ጠይቁት።