ምርመራው «ቫይረሱ አልታየም» ካለ መድኃኒቱን ለምን አላቆምም?

ከማንቡክና ከአካባቢዋ በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ ይህ ነው። ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

ኤች አይ ቪ የሚያጠቃው የሰውነትን መከላከያ የሚያስተባብሩትን ሲዲ4 የተባሉ ነጭ የደም ሴሎች ነው። ሴሉ ውስጥ ሲገባ በአር ኤን ኤ የያዘውን መመሪያ ወደ ዲ ኤን ኤ ይገለብጣል። ከዚያ ኢንቴግሬዝ የሚባለው ኢንዛይሙ ያንን ዲ ኤን ኤ ከሰውየው ዲ ኤን ኤ ጋር ይሰፋዋል። ጣጣው ሁሉ እዚህ ላይ ነው፤ አንዴ ከተሰፋ ሴሉ እንደ ራሱ አካል ይቆጥረዋል፣ ሲባዛም አብሮ ያባዛዋል።

አብዛኞቹ የተያዙ ሴሎች ቫይረስ እያመረቱ ይሞታሉ። ጥቂቶቹ ግን ያንቀላፋሉ። ማሽላ ያረሰ ሰው አቀንጭራን ያውቃል፦ ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ የማሽላ ሥር ሲያገኝ ይነሣል። ያንቀላፋው ሴልም እንዲሁ ነው። ቫይረስ ስለማያመርት ምርመራው አያየውም፣ መድኃኒቱም አይነካውም። መድኃኒት ሲቋረጥ ይነቃል፤ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ቫይረሱ ደም ውስጥ ተመልሶ ይገኛል።

አሁን በቀን አንድ ጊዜ ከሚዋጠው ክኒን ውስጥ ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን ግልበጣውን፣ ዶሉቴግራቪር ደግሞ ስፌቱን ይከለክላሉ። አዲስ ሴል አይያዝም። ስለዚህም ነው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ቫይረሱ የማይታይበት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ የማያስተላልፈው። ይህ በብዙ ጥንዶች ላይ ተጠንቶ የተረጋገጠ ነው፤ ለባልና ሚስት ከዚህ የሚበልጥ የምሥራች አላውቅም።

መከላከያውም በዚሁ መንገድ ይሠራል። የተደፈረች ሴት ወይም መርፌ የወጋው የጤና ባለሙያ በ72 ሰዓት ውስጥ መድኃኒት ጀምሮ ለ28 ቀን ከወሰደ ቫይረሱ ሥር ሳይሰድ ሊቀር ይችላል። በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል፤ ነገ አትበሉ። ፕሬፕ ደግሞ ከመጋለጥ በፊት የሚወሰድ ነው፤ በአገራችን ለሴተኛ አዳሪዎችና አጋራቸው ቫይረሱ ላለበት ሰዎች ይሰጣል።

መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ነው። በ2013 የመተከል ሕዝብ ሲፈናቀል ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ መድኃኒታቸውን ቤት ጥለው የሸሹት ነበሩ። እባካችሁ፣ ወደ ጉባም ሆነ ወደ ግልገል በለስ ለሥራ ስትሄዱ ለቆይታችሁ የሚበቃ መድኃኒት አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከቀዬአችሁ ከራቃችሁም ወረቀት ጠፋብኝ ብላችሁ አትቅሩ፤ መድኃኒቱን ወደሚሰጥ ቅርብ ጤና ጣቢያ ገብታችሁ የምትወስዱትን ንገሯቸው።