ምስማር ይሰጥማል፤ መርከብስ ለምን አይሰጥምም?

ልጆች፣ እስቲ ሳፋ ላይ ውሃ ሙሉና አንድ ምስማር ጣል አድርጉበት። ወዲያው ከሥር ዐረፈ አይደል? አሁን ደግሞ ባዶ ጣሳ ቀስ ብላችሁ አስቀምጡበት። ጣሳው ከምስማሩ ይከብዳል፤ ግን ይንሳፈፋል። ሁለቱም ብረት ናቸው። ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

መልሱን ከ2,200 ዓመታት በፊት ያገኘው በሲራኩስ ከተማ ይኖር የነበረው ግሪካዊው አርኪሜድስ ነው። አንድ ነገር ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃውን ገፍቶ ቦታውን ይይዛል። ውሃውም ዝም አይልም፤ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። የግፊቱ ልክ ቦታውን ከለቀቀው ውሃ ክብደት ጋር እኩል ነው።

ምስማሩ የሚገፋው ውሃ በጣም ትንሽ ነው። ብረት ደግሞ በመጠን እኩል ከሆነው ውሃ ወደ 8 እጥፍ ገደማ ይከብዳል። ስለዚህ ምስማሩ ይሸነፋል። የጣሳው ብረት ግን ስስ ሆኖ ተዘርግቷል፤ ውስጡም አየር ነው። ብዙ ውሃ ይገፋል።

በቁጥር እንየው። ጣሳው 1 ሊትር የሚይዝ፣ ክብደቱም 100 ግራም ነው እንበል። 1 ሊትር ውሃ 1,000 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ ባዶው ጣሳ ውሃው ውስጥ የሚገባው አንድ አስረኛው ብቻ ነው። 400 ግራም ጠጠር ብትጨምሩበት እስከ ግማሹ ይገባል። ጠጠሩ ከ900 ግራም ሲያልፍስ? በቃ፣ ይሰጥማል! ትልቁ የጭነት መርከብም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው።

የጣና ሐይቅ ታንኳም ሚስጥሩ አየር ነው። የሚሠራው ከደረቀ ደንገል ሲሆን፣ የደንገሉ ውስጥ አየር የያዘ ነው። የጥንት ግብፃውያንም በደንገል ጀልባ ይጓዙ ነበር።

መንሳፈፍ አንድ ነገር ነው፤ መሄድ ደግሞ ሌላ። ሰው መጀመሪያ በመቅዘፊያ ቀዘፈ፤ ቀጥሎ ሸራ ወጥሮ ነፋስን አሠራ። ነፋሱ ዝም ካለ ግን መርከቡም ቆመ ማለት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንፋሎት ሞተር መጣ። በ1845 እ.ኤ.አ. «ግሬት ብሪቴን» የተባለችው የብረት መርከብ በፕሮፔለር እየተገፋች አትላንቲክን አቋረጠች። ፕሮፔለር እንደ ቬንትሌተር የሚሽከረከር ነገር ነው፤ ውሃውን ወደ ኋላ ሲገፋ ውሃው መርከቧን ወደ ፊት ይገፋታል።

አሁን ወደ ጠጠሩ እንመለስ። በዚያው ዘመን አንዳንድ የእንግሊዝ ባለመርከቦች ትርፍ ፍለጋ መርከቦቻቸውን ከልክ በላይ ይጭኑ ነበር። ማዕበል ሲመጣ ብዙ መርከበኞች ሰጥመው ቀሩ። ሳሙኤል ፕሊምሶል የተባለ የፓርላማ አባል «ይሄ ነገር ይብቃ» ብሎ ለዓመታት ተከራከረ። በ1876 እ.ኤ.አ. እያንዳንዱ የንግድ መርከብ ጎኑ ላይ የጭነት ልክ ምልክት እንዲኖረው የሚያዝ ሕግ ወጣ። ባለመርከቦቹ ግን ምልክቱን ደስ ባላቸው ቦታ ይቀቡት ነበር! ቦታው በሕግ የተወሰነው በ1890 ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በሚጓዙ የጭነት መርከቦች ላይ መስመር የሚያቋርጠው ክብ ምልክት ይታያል። ውሃው ያንን መስመር ከሸፈነ ጭነቱ በዝቷል ማለት ነው።

መስመር የሌላት ትንሽ ጀልባም ከዚህ ሕግ አታመልጥም። ከጅቡቲ ወደ የመን ሲሻገሩ በተጨናነቀ ጀልባ ሰጥመው የቀሩ ብዙ ወገኖቻችን አሉ።

እናንተም ጣሳችሁ ላይ በማርከር መስመር አስምሩና ጠጠር እየጨመራችሁ ሞክሩ። ሳፋውን በእጃችሁ እያናወጣችሁ ማዕበል ፍጠሩ። የጣሳው ጠርዝ ከውሃው ምን ያህል ከፍ ሲል ነው የሚተርፈው? አንድ ቀን ጀልባ ላይ ስትሳፈሩ ይህንን ጣሳ አስታውሱ። ጠርዟ ውሃውን ሊነካ ከተቃረበ፣ «ቀጣዩን እንጠብቅ» ለማለት አትፈሩ።