ደብዳቤና ባሪያ በአንድ መንገድ

የሞላሌ አገር መንዝ የሸዋ ነገሥታት መነሻ ነው። የአጋንቻው ነጋሲ ክርስቶስ የጀመሩት ሥርወ መንግሥት እየሰፋ አንኮበር ሲደርስ፣ ከአምባው በታች ያለው የአልዩ አምባ ገበያ ከባሕር ጋር አገናኘው። እዚያው አጠገብ፣ አብዱል ረሱል በሚባል ገበያ፣ ሰው ይሸጥ ነበር፤ የተሸጠው የአፋርን በረሃ አቋርጦ በታጁራ መርከብ ይሳፈራል። ባርነት ይቅር የሚሉት ሰዎች ደብዳቤም የሚመላለሰው በዚሁ መንገድ ነበር።

ለንደን ላይ የፀረ ባርነት ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1839 ነው (ሌሎቹም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፤ ሚሲዮናዊው ክራፕፍ ሸዋ የገባውም በዚያው ዓመት ነው። እሱን የላከውን ድርጅት ከመሠረቱት አንዱ የባሪያ ንግድን በፓርላማ የታገለው ዊልበርፎርስ ነበር። የባርነት ተቃዋሚዎቹ ሥራ በብዕር የሚሠራ ነበር፦ ሚሲዮናዊውና ቆንስሉ ያዩትን ይጽፋሉ፤ ማኅበሩ በጋዜጣው ያወጣዋል፤ የፓርላማ አባላት መንግሥትን ይጠይቁበታል። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴም ወደ ውጭ ጻፉ፤ በ1841 ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከሃሪስ ጋር አንጎለላ ላይ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ።

«ይህ ሁሉ የቅኝ ግዛት ሽፋን ነበር» የሚል አለ፤ እውነት አለው። ኢትዮጵያ በ1890 የብራስልሱን የፀረ ባሪያ ንግድ ስምምነት ስትቀበል የጣልያን መንግሥት በስሟ ቀርቦ ነበር፤ መነሻው ከጣልያን ጋር የተፈረመው የውጫሌ ውል ነው። ዐፄ ምኒልክ ግን ጣልያን ለውጫሌ ውል የሰጠችውን ትርጉም የተቃወሙት በዚያው በደብዳቤ ነው፦ ከላይ የአንበሳው ማኅተም፣ ቀጥሎ «ይድረስ»፣ ከዚያ የጤንነት ሰላምታ፣ ከዚያ ጉዳዩ። መሣሪያው የአንድ ወገን ብቻ አልነበረም።

«ነገሥታቱና መኳንንቱ ራሳቸው ባሪያ ያሳድሩ የለም ወይ?» ለሚለውም መልሱ፣ አዎ፣ ያሳድሩ ነበር የሚል ነው። ዐፄ ዮሐንስ በ1884 ዓድዋ ላይ ከእንግሊዝ ጋር የባሪያ ንግድን የሚከለክል ውል ቢፈራረሙም ንግዱ አልቆመም። ወረቀት ብቻውን እግር ብረት አይፈታም። ግን የተጻፈ ቃል ይቀመጣል፣ ይጠየቃል። በ1923 ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ለመሆን ስታመለክት ከቀረቡባት መቃወሚያዎች አንዱ ባርነት ነበር፤ ቃል ገብታ ገባች፣ በ1924 አዋጅ ወጣ፣ በ1942 ባርነት በሕግ ፈጽሞ ተሻረ።

ስለዚህ እነዚያን ደብዳቤዎች እንደ ቅዱስ ቃልም እንደ ተንኮልም ብቻ አንያቸው፤ የዕዳ ሰነድ ናቸው። ዕዳውን ያዘገዩት ብዙ ናቸው፤ በየቀኑ የከፈሉት ግን በታጁራ የወረዱት፣ ደብዳቤ ሊጽፉ ያልቻሉት ናቸው።