በዶላር የሚገዛ፣ በብር የሚጠገን

በዋግ፣ በሰቆጣ ከተማ ወይም በደሃና ወረዳ በአምደወርቅ፣ ለሰርግና ለበዓል የሚጫወት ትንሽ ባንድ ለማቋቋም የሚያስቡ ወጣቶች ቀድሞ የሚገጥማቸው ጥያቄ ከሙዚቃው ይልቅ የገንዘብ ነው። ክራርና ማሲንቆ ከአገር ቤት ይገኛሉ፤ ጊታርም በመጠነኛ ዋጋ አይጠፋም። የሚከብደው አምፕሊፋየሩ ነው፤ በተለይም ጊታር ተጫዋቾች ለድምፁ ሙቀት ብለው የሚመርጡት ባለ ቲዩቡ። ትራንዚስተር በ1947 እ.ኤ.አ. ከተፈለሰፈ ወዲህ ሬዲዮውም ቴሌቪዥኑም ቲዩብን ጥሎ ሄዷል፤ የጊታር ዓለም ግን አልጣለውም። እጅ ሲያጥር የትኛው ይገዛ? መልሴ ዋቱና ቻናሉ የበዛው አይደለም የሚል ነው። አንድ ንጹሕ ድምፅ አጥርቶ የሚያወጣ፣ ጉልበቱ መካከለኛ የሆነ፣ በ220 ቮልት የሚሠራ፣ ሲበላሽም እዚሁ አገር በብር የሚጠገን ይገዛ። ለዚህ ምርጫ ከጆሮ ይበልጥ የሚያስገድደው የውጭ ምንዛሪ ነው።

ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በ2018 ዓ.ም. መግቢያ 140 ብር አካባቢ ደርሶ ነበር። እንደ ፌንደር ብሉዝ ጁኒየር ወይም ቮክስ ኤሲ15 ያለ፣ በውጭ ገበያ ለምሳሌ 700 ዶላር የሚጠራ አምፕሊፋየር ያኔ 40 ሺህ ብር አይሞላም ነበር፤ በ2018 ዓ.ም. መግቢያ በባንክ ዋጋ ብቻ 98 ሺህ ብር ሆነ። ቀረጥና ታክሱ ገና አልተነካም። የጉምሩክ ቀረጥ መጣኔ እንደ ዕቃው ምድብ ይለያያልና ለምሳሌ 20 በመቶ ነው እንበል። መቶው ብር 120 ይሆናል፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከል 138፣ በዚህም ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ ሲጫን ወደ 152፣ ለማኅበራዊ ልማት የሚሰበሰበው 3 በመቶ ሲጨመር ወደ 155 ይደርሳል። ታክስ በታክስ ላይ ስለሚሰላ የ98 ሺህ ብሩ ዕቃ የነጋዴው ትርፍ ሳይታሰብ 150 ሺህ ብር ይሻገራል። የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ በመንግሥት መሥሪያ ቤት አዲስ የሚቀጠር ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በመስከረም 2018 ዓ.ም. 11,500 ብር ሆኗል። ሰውየው ምንም ሳይበላና ሳይከራይ የአሥራ ሦስት ወር ደመወዙን ማስቀመጥ ይኖርበታል ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ገንዘብ የሚወጣበት ዕቃ የሚመዘነው በመግዣው ዋጋ ብቻ መሆን የለበትም። አምፕሊፋየር አንድ ዕቃ ይመስላል እንጂ በወጪ ዓይን ሲታይ ሁለት ነው። ትራንስፎርመሩ፣ ቲዩቦቹ፣ ስፒከሩና ካፓሲተሮቹ በዶላር የሚመጡ ናቸው። ሣጥኑ፣ ጨርቁ፣ ብየዳው፣ የባለሙያው ጊዜ ደግሞ በብር የሚከፈልባቸው ናቸው። ዕቃው አገር ከገባ በኋላ ባሉት ዓመታት የሚመጣው ወጪ ወደ የትኛው ወገን እንደሚያደላ የሚወስነው የአሠራሩ ዓይነት ነው። ክፍሎቹ በዓይን የሚታዩ፣ በብየዳ ብረት የሚነቀሉና የሚተኩ ከሆኑ ጥገናው ወደ ብሩ ያደላል። ሞተርና ስታቢላይዘር የሚጠመጥም ባለሙያ በየክልሉ ትልልቅ ከተሞች አለ፤ የተቃጠለ ትራንስፎርመርም ልኬቱ እስከታወቀ ድረስ ከዚህ ሙያ የራቀ አይደለም። ጥቃቅን ክፍሎች በማሽን የተለጠፉበት ቦርድ ያለው ከሆነ ግን አንዲት ክፍል ስትሞት ሙሉው ቦርድ እንደገና በዶላር ይታዘዛል። ከሰቆጣ እስከ ባሕር ዳር ወይም ደሴ ያለውን መንገድ የሚያውቅ ሰው የጥገና ቅለት ራሱን የቻለ ሀብት መሆኑን ለመረዳት ሌላ ማስረጃ አይፈልግም።

ገዢዎች በብዛት የሚሳሳቱት በዋቱ ላይ ነው። ሃምሳ ዋት ከሃያ አምስት ዋት እጥፍ የሚጮኽ ይመስላል፤ ነገር ግን ጉልበት በእጥፍ ሲጨምር ድምፅ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህም ልብ ብሎ ለሚሰማ ጆሮ መጠነኛ ልዩነት ነው። ድምፁ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ጉልበቱ አሥር ጊዜ ያህል ማደግ አለበት። ስለዚህ ባለ 100 ዋቱ ከባለ 10 ዋቱ እጥፍ ቢጮኽ ነው፤ ዋጋው፣ ክብደቱና የሚበላው ቲዩብ ግን ከዚያ በላይ ይንራል። ያችው 3 ዴሲቤል በሌላ መንገድም ትገኛለች፤ በአንድ ዋት 97 ዴሲቤል የሚሰጠውን ስፒከር 100 ዴሲቤል በሚሰጥ መተካት ጉልበቱን ከማጠፍ ጋር እኩል ነው፤ ወጪውም በጣም ያነሰ ነው። ባለ ቲዩብ አምፕሊፋየር ደግሞ ጥሩ ድምፁን የሚሰጠው ሲሠራ እንጂ የድምፁ ቁልፍ ቁጥር 1 ላይ ቆሞ ሲያንቀላፋ ስላልሆነ፣ በአዳራሽና በድንኳን ለሚጫወት ባንድ ከ15 እስከ 22 ዋት ይበቃል። ሻደይ በነሐሴ ሲከበር እንደሚታየው ሜዳ ላይ ለሚሰበሰበው ሕዝብ 22ም 100ም ዋት ለብቻው አይበቃም፤ እዚያ ማይክ ከስፒከሩ ፊት ተደርጎ ወደ ትልቁ የድምፅ መሣሪያ ይላካል። ትልቁ መሣሪያ ደግሞ ለበዓሉ ቀን በኪራይ ይገኛል።

ሁለገብነትም እንዲሁ በስህተት ይገዛል። ሦስት ቻናልና አሥራ አምስት ቁልፍ ያለው አምፕሊፋየር ሁለገብ ይመስላል፤ ከዋጋው ውስጥ ብዙው ግን ባንዱ ለማይጫወተው የሮክ ድምፅ የተከፈለ ነው። በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺሆዬ ቅኝት የሚጫወት ሰው የሚፈልገው እያንዳንዱ ክር ተለይቶ የሚሰማበት ንጹሕ ድምፅ ነው። ንጹሑ ድምፅ ጥሩ ከሆነ ሻካራው ከትንሽ ፔዳል ይገኛል፤ ፔዳሉም ሲበላሽ ብቻውን ይተካል። ንጹሑ ድምፅ ደካማ ከሆነ ግን የትኛውም ፔዳል አያድነውም። ስለዚህ ንጹሕ ቻናል፣ ሪቨርብ፣ የፔዳል መግቢያ፣ ተጨማሪ ስፒከር የሚሰካበት ቀዳዳ ካለው ሌላው ቅንጦት ነው። ኤሌክትሪክ ክራርም በዚሁ ቻናል መልካም ድምፅ ይሰጣል። ለድምፃዊ ግን አይሆንም፤ የጊታር ስፒከር ከ5 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ በፍጥነት ስለሚጥል የዘፋኙን ቃል ያፍነዋል። ገዢው «አንድ ዕቃ ለሁሉም» በሚል ተስፋ እንዳይገዛው ይህን ማወቅ አለበት።

የዋግን ኤሌክትሪክ ሳያነሱ ስለ ዋግ አምፕሊፋየር ማውራት አይቻልም። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 300 ሜጋ ዋት የተከዜ ግድብ ሐይቁ የዋግን ቆላ ወረዳዎች ይነካል፤ ሕዝቡ ግን በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ረጅም ጊዜ በጨለማ ቆይቷል። መስመር ባለበትም ቦታ ጉልበቱ ይወርዳል፣ ይወጣል። ቲዩብ በውስጡ ያለችውን ማሞቂያ በ6.3 ቮልት ገደማ ለማንደድ የተሠራ ነው፤ የመስመሩ ቮልቴጅ ሲዋዥቅ ይህም አብሮ ይዋዥቃል፣ ዕድሜውም ያጥራል። 22 ዋት የሚያወጣ አምፕሊፋየር ከመስመሩ ወደ 100 ዋት እንደሚስብም መታወቅ አለበት፤ ለትንሽ ጄኔሬተር ይህ የሚናቅ ጭነት አይደለም። ስለዚህ ስታቢላይዘር ከመግዣው በጀት ውስጥ ገና ከመጀመሪያው መቆረጥ አለበት፤ «ቆይተን እንገዛለን» የተባለ እንደሆነ ቀድሞ የሚቃጠለው በዶላር የመጣው ክፍል ነው። መስመር ጨርሶ ላልደረሳቸው የደሃና ቀበሌዎች ደግሞ መልሱ ሌላ ነው፤ እዚያ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ትራንዚስተር አምፕሊፋየር ይሻላል፤ ባለ ቲዩቡን ወደዚያ መጫን ገንዘብ ማባከን ነው።

ቲዩብ የሚያልቅ ዕቃ ነውና የአቅርቦቱ ምንጭ ይመርመር። ዛሬ ለጊታር የሚሆን ቲዩብ በብዛት የሚመረተው በሩሲያ፣ በስሎቫኪያና በቻይና ባሉ ጥቂት ፋብሪካዎች ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ከዩክሬን ጦርነት ጋር ተያይዞ ከሩሲያ የሚወጣው ቲዩብ ለጊዜው ሲታገድ ዋጋው በዓለም ዙሪያ ዘለለ። ለእኛ ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ብዙ አምራች ያለውን ዓይነት መምረጥ። ባለ ኢኤል84 ወይም ባለ 6ቪ6 የኃይል ቲዩብ፣ ከፊት ደግሞ 12ኤኤክስ7 የሚጠቀም አምፕሊፋየር መለዋወጫ አያጣም። ካቶድ ባያስ የሚባለው አሠራር ያለው ከሆነ ደግሞ ቲዩብ በተቀየረ ቁጥር ልኬቱን የሚያስተካክል ባለሙያ ፍለጋ መንከራተት አይኖርም። አንድ ሙሉ የቲዩብ መለዋወጫ አብሮ መግዛት ይገባል፤ ክብደቱ ቀላል ስለሆነ ከአምፕሊፋየሩ ጋር ሲመጣ ለመጓጓዣው የሚጨምረው ወጪ ትንሽ ነው። ከዚህ በተረፈ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ በውስጡ ከ300 ቮልት በላይ አለ፣ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ውስጥ ይቆያል። ያልሠለጠነ እጅ አይክፈተው።

ጠንካራው ተቃውሞ ከዲጂታሉ ወገን ይመጣል። ከ300 ዶላር በማይበልጥ ዋጋ የብዙ ታዋቂ አምፕሊፋየሮችን ድምፅ የሚመስል፣ ቀላል፣ ቲዩብ የማይበላ ዲጂታል አምፕሊፋየር ገበያ ላይ ሞልቷል፤ ታዲያ ለምን እጥፍ ይከፈላል? ተቃውሞው ቁም ነገር አለው። ለሚማር ወጣትና ለቤት ልምምድ ዲጂታሉን መግዛት ትክክል ነው፤ ቲዩብ ካልሆነ ሙዚቃ አይደለም የሚለው ክርክርም ውኃ አያነሳም። ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም መድረኮች ላይ ያለው ሮላንድ ጃዝ ኮረስ ትራንዚስተር ነው፤ ንጹሕ ድምፁን የሚነቅፍ የለም። ልዩነቱ የሚመጣው ከአምስትና ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ዲጂታሉ በአዲስ ሞዴል ሲተካ ዋጋው ይወድቃል፤ ዋናው ቦርዱ ሲሞትም ከነሣጥኑ ይጣላል። በሚገባ የተያዘ ባለ ቲዩብ ግን ያገለገለውን ያህል አገልግሎ ይሸጣል፤ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩ ፌንደሮች ዛሬ ከመጀመሪያ ዋጋቸው በብዙ እጥፍ ነው የሚጠሩት። ብር በሚረክስበት አገር በዶላር የተገዛና ዋጋውን የሚይዝ መሣሪያ ቁጠባም ነው።

ከነጋዴ ከመግዛት ሌላ ያለው መንገድ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ነው። ስጦታው ደግ ነው፤ ግን በሁለት ነገር ይፈተናል። አንደኛው ሚዛን ነው። ፌንደር ዴሉክስ ሪቨርብ ወደ 19 ኪሎ ስለሚመዝን በ23 ኪሎ የሻንጣ ገደብ ውስጥ ይገባል፤ ትዊን ሪቨርብ ግን 29 ኪሎ ይጠጋልና ትርፍ ክፍያ ይጠብቀዋል። ሁለተኛው፣ በአሜሪካ የሚሸጠው አብዛኛው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ መሆኑ ነው። በመሀል የሚገባው ቮልቴጅ ቀያሪ ትራንስፎርመር ሌላ ክብደትና ሌላ ወጪ ነው፤ ቮልቴጁን ቢያወርድም የእኛን 50 ኸርዝ 60 አያደርገውም፤ ስለዚህ የአምፕሊፋየሩ ትራንስፎርመር ከታሰበለት በላይ ይሞቃል። ቮልቴጅ መምረጫ ያለውን ወይም ለአውሮፓ ገበያ የተሠራውን ማምጣት ይህን ሁሉ ያስቀራል። ዘመድ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ይህች አንዲት መረጃ ብትደርሰው ከብዙ ኪሳራ ይድናል።

የሕፃናትን መቀንጨር በ2030 እ.ኤ.አ. ለማስቀረት የተገባው ቃል ኪዳን ስሙን የወሰደው ከሰቆጣ ነው። እንዲህ ባለ አካባቢ ስለ ጊታር አምፕሊፋየር መጻፍ ቅንጦት ነው የሚል ካለ ስሜቱ ይገባኛል። ነገር ግን ድህነት የሚቀረፈው ከእርሻ ውጭም ገቢ የሚያስገኙ ሥራዎች ሲበዙ ነው፤ ሙዚቃም ሥራ ነው፤ መሣሪያው ደግሞ የሥራው ካፒታል ነው። የዋሊያስ ባንድ ታሪክ ይህን በሚገባ ያሳያል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በአዲስ አበባ የሙዚቃ መሣሪያ በአብዛኛው የክለቡ ወይም የሆቴሉ ንብረት ነበር፤ ሙዚቀኛው በደመወዝ የሚሠራ፣ ቤቱን ከለቀቀ ባዶ እጁን የሚወጣ ነበር። ዋሊያሶች የራሳቸውን መሣሪያ ገዝተው ከአዲስ አበባ ሒልተን ጋር እንደ ራሱን የቻለ ባንድ ተዋውለው ሠሩ፤ በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ድረስ ተጉዘው ተጫወቱ። ተሰጥኦው ቀድሞም ነበራቸው፤ የመደራደር ጉልበት የሰጣቸው የመሣሪያው ባለቤትነት ነው።

ለደሃናና ለሰቆጣ ወጣቶችም መንገዱ ይኸው ነው። አራት ወይም አምስት ሆነው በማኅበር ቢገዙ የአንዱ ድርሻ የሚቻል ይሆናል። ብድር ካስፈለገም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147 ቤትና መሬት የሌለው ሰው መሣሪያውን አስይዞ እንዲበደር በር ከፍቷል። አበዳሪው መሣሪያውን የሚቀበለው ግን የዕቃው ማንነት ከተረጋገጠ ነው። የተከታታይ ቁጥሩ በደረሰኙ ላይ ይጻፍ፤ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ቅጂ ከሻጩ ይጠየቅ፤ የማኅበሩ አባላት ድርሻ በውል ይስፈር። ወረቀት የሌለው አምፕሊፋየር በአሥርና በሃያ ሺህ ብር ረክሶ ሊገኝ ይችላል፤ ባንክ ፊት ሲቀርብ ግን ዋጋው ዜሮ ነው።