ዋልተር ዋይት የከፋው መቼ ነው?

መቱ ውስጥ «ብሬኪንግ ባድ»ን ያዩ ሰዎች ቡና ላይ ከተገናኙ ይህ ጥያቄ አይቀርም። ድራማው አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 ጀምሮ በ2013 አልቋል፤ 5 ሲዝን፣ 62 ክፍል ነው። እኛ ጋ ግን ገና አላለቀም። ከየክልሉ የሚመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሃርድ ዲስክ ይዘውት ይገባሉ፣ ጎሬና በደሌ ያሉ ጓደኞቻችን በፍላሽ ይቀባበሉታል። አዲስ ተመልካች በመጣ ቁጥር ክርክሩም እንደገና ይነሳል።

ከዚህ በታች ታሪኩን እስከ መጨረሻው ስለማወራ ያላያችሁ እዚህ ላይ ብታቆሙ ይሻላል።

ዋልተር የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ መምህር ነው። ደሞዙ ስለማያደርሰው ከትምህርት ቤት ሲወጣ መኪና እጥበት ቤት ይሠራል። ተንበርክኮ ጎማ እያጠበ ሳለ የመኪናው ባለቤት የራሱ ተማሪ ሆኖ ያገኘዋል፤ ልጁም እየሳቀበት ነው። መምህራን ኮሌጅ ባለባት ከተማ ይህን ያየ መምህር አንጀቱ ባይላወስ ነው የሚገርመኝ። ከዚያ የሳንባ ካንሰር ይመጣል። ለእኛ ካንሰር ማለት መንገድ ማለት ነው፤ በበደሌ አድርጎ ጅማ፣ ወይም 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ። ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚገኘው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ስለዚህ ሰውየው «ለቤተሰቤ ነው» ብሎ ዕፅ ማብሰል ሲጀምር ብዙዎቻችን ከጎኑ ቆምን።

የ«ሰው ለሰው» ድራማን ክፉ ሰው አስናቀን ስናይ እንዲህ አልነበረም። አበበ ባልቻ ግሩም አድርጎ ስለተጫወተው ሁሉም ሰው ስለ እሱ ያወራ ነበር፤ ግን ማንም ደግ ነው ብሎ አልጠበቀውም። ዋልተርን ከባድ የሚያደርገው ከእኛ ጋር ሆኖ መጀመሩ ነው።

ታዲያ መስመሩን የት አለፈ? አብዛኛው ሰው የዕፅ ሸሪኩ የጄሲ ፍቅረኛ የሆነችውን የጄንን ሞት ይጠራል። ልጅቷ ሄሮይን ወስዳ ከጄሲ ጎን ተኝታለች። ዋልተር ጄሲን ለመቀስቀስ ሲወዘውዘው እሷ በጀርባዋ ትገለበጣለች፤ ከዚያ ትውከት ያንቃት ጀመር። ሮጦ ይጠጋታል፣ እጁ ይዘረጋል፣ ከዚያ ይቆማል። በጎኗ ቢያስተኛት ትተርፍ ነበር። ዓይኑ እንባ አቅርሮ እስክትሞት ያያታል። ሌሎች ደግሞ ዋልተር ትንሹን ልጅ ብሮክን መመረዙን ያነሳሉ። ሁለቱም ያማል፣ አልክድም።

እኔ ግን የምከራከረው ለመጀመሪያው ሲዝን 5ኛ ክፍል ነው። ማንም አይሞትበትም፤ ለዚህም ይመስለኛል ብዙ ሰው የሚዘልለው። ድሮ ኩባንያ አብሮት የመሠረተው ጓደኛው ኤሊየት አሁን ሚሊየነር ሆኗል። ልደቱ ላይ ዋልተርን ገለል አድርጎ ሥራ እሰጥሃለሁ ይለዋል፤ የጤና መድኅኑም አብሮ። ዋልተር ሚስቱ ስለ ሕመሙ ለኤሊየት እንደነገረችው ይገባውና ይቆጣል። ቤተሰቡ እንዲታከም ለማሳመን እንደ ሽማግሌ ዙሪያውን ቁጭ ይላል፤ ትራስ እየተቀባበሉ፣ ትራሱን የያዘ ሰው ብቻ እየተናገረ። በመጨረሻ እሺ፣ እታከማለሁ ይላል። የኤሊየት ሚስት ግሬቸን ደውላ ገንዘቡን እኛ እንክፈል ስትለው ግን አይ ብሎ ይዘጋዋል። ከዚያ በቀጥታ ጄሲ ቤት ሄዶ እናብስል ይለዋል።

እዚህ ኢሉባቦር ሰው ሲታመም ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ። እድርተኛው ያዋጣል፣ የሥራ ባልደረባ ያዋጣል፣ ቡናው ደርሶ የሸጠ ዘመድ ከሽያጩ ይቀንሳል። መቀበሉ ቀላል ነው አልልም። የሰው እጅ ማየት የሚከብደው ኩሩ አባወራ በየሰፈሩ አለ፣ ዋልተርን የሚከላከሉ ጓደኞቼም ይህንኑ ነው የሚሉኝ፤ እነ ኤሊየት በእኔ እውቀት ነው የከበሩት ብሎ የሚያምን ሰው የእነሱን ብር እንዴት ይቀበል? ቁስሉ ይገባኛል። ግን ልጆቹን ያስቀደመ ሰው ቁስሉን ዋጥ አድርጎ ይቀበላል። ዋልተር ያን ዕለት ከልጆቹ ይልቅ ክብሩን መረጠ፤ ካንሰሩ ለዚያ ምርጫ ሰበብ ሆነለት።

ከዚህ የባሰው ደግሞ አለ። ለሚስቱ ሕክምናውን የሚከፍሉት ኤሊየትና ግሬቸን ናቸው ብሎ ይዋሻታል። አልፈልግም ያለውን እርዳታ የዕፅ ገንዘብ መሸፈኛ አደረገው። ምስኪኗ ስካይለር ግሬቸንን ታመሰግናለች።

መጨረሻው ክፍል ላይ ዋልተር ራሱ ለሚስቱ ያደረግሁት ለራሴ ነው፣ ወድጄው ነው ብሎ ያምንላታል። ለልጁ የተረፈው 9 ሚሊዮን 720 ሺህ ዶላር ነው፤ ከእሱ ከመጣ ማንም ስለማይቀበለው በሌላ ሰው እጅ መድረስ አለበት። የሚወስደው እነ ኤሊየት ቤት ነው፣ ያውም አስፈራርቶ። መጀመሪያ በነጻ ሊሰጡት የፈለጉትን ከስንት ሬሳ በኋላ በእነሱ ስም እንዲሰጡለት አስገደዳቸው።

5ኛውን ክፍል እንደገና እዩትና ኮሜንት ላይ ሞግቱኝ። በተለይ መምህራን፣ የእናንተን መስማት እፈልጋለሁ።